የጋሽ ጎሹ ፋይል

በጎባ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ይህን ከእኅተማርያም በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማዋን ሙታን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እሷ ናትና። ሁሉም ደጎች፣ ሁሉም ሰው አክባሪዎች፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሾች ነበሩ። ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለችው ጠባብ ጽሕፈት ቤቷ፣ ኮምፒውተሯ ውስጥ፣ ለዚሁ ብላ ያዘጋጀቻት አንዲት ገጽ አለች። ገጿ "ከአባታቸው ከአቶ" ትልና ክፍት ቦታ ትተዋለች፤ "ከእናታቸው ከወይዘሮ" ትልና ሌላ ክፍት ቦታ ትተዋለች፤ ከዚያ ወደ ታች ደግነቱ ተደርድሯል። ለቀስተኛ ሲመጣ የሚቀረው ስም መሙላት ብቻ ነው። ሚስቱን ሲደበድብ ጎረቤት እየሮጠ ሲገላግለው የኖረ ሰውዬ እንኳ በዚያች ገጽ ገብቶ "ለትዳራቸው ታማኝ" ሆኖ ወጥቷል። እኅተማርያም በዚህ አፍራም አታውቅ፣ ኮርታም አታውቅ። ለልጆቹ ሲባል አንድ ገጽ ደግ ቃል ቢነበብለት ማን ይጎዳል ትላለች።

ከዚያች ገጽ ያመለጡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ጎሹ።

ጋሽ ጎሹ ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው። ከተማው ግን በሙያቸው ሳይሆን "ጎሹ ሳነቴ" እያለ ነው የሚጠራቸው። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሃረና ጫካ ውስጥ ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት ይረግፉ በነበረ ጊዜ፣ ክትባት የጫነው መኪና የሳነቴ ተራራ አናት ላይ በዶፍና በውርጭ መሐል ተበላሽቶ ቀረ። ጋሽ ጎሹ የክትባቱን ሳጥን አዝለው ያንን ራቁት ሜዳ በእግራቸው አቋርጠው፣ በሪራ መንደር በኩል ቁልቁል ወርደው፣ ሃረና አደረሱት። ታሪኩ እንዲህ ነው የሚነገረው። የግራ እግራቸው የሚያነክሰውም ያን ጊዜ ውርጭ ጣቶቻቸውን በልቶባቸው ነው ይባላል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አለ። ትምህርት ቤቶች በዓል ባደረጉ ቁጥር ከፊት ወንበር ያስቀምጧቸዋል፤ ልጆችም ታሪኩን በቃላቸው ይወጡታል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ረቡዕ፣ ጋሽ ጎሹ ከዘራቸውን ተደግፈው ጽሕፈት ቤቷ ገቡና በሩን እንድትዘጋው ጠየቁ።

"የሕይወት ታሪኬን ላጽፍሽ ነው የመጣሁ።"

"ጋሽዬ፣ ምን አስቸኮለዎት? እድሜ ይስጥዎ እንጂ! ሲደርስ እኔ አለሁ አይደል?"

"እሱን ፈርቼ ነው። አንቺ ከጻፍሽልኝ ደግ ታደርጊኛለሽ።"

ስቃ ተቀመጠች። ሳቋ ግን አልቆየም። አራት ረቡዕ ተመላልሰው ያጻፏት ጠቅላላው አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እያላመጡ፣ አንዱን አስጽፈው ሌላውን እያሰረዙ። ሦስተኛው ረቡዕ ላይ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ።

"ጻፊ እንጂ" አሏት።

ጻፈች። እንዲህ ነበር ያሉት፦ "ሳነቴን ያቋረጥኩት እኔ አይደለሁም። መኪናው ከተበላሸበት ጥቂት እንደሄድን አንዲት ባዶ ጎጆ አገኘን። እኔ ፈርቼ እዚያ ቀረሁ። ሳጥኑን ተሸክሞ ሃረና ያደረሰው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ባዳሳ ነው። የምስክር ወረቀቱ በስሜ ሲመጣ ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ስላልኩ ሁለተኛው ቀን ከበደኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ እድሜዬ አለቀ።"

"ኦቦ ባዳሳ እኮ በሕይወት አሉ" አለች እኅተማርያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለምን በቁምዎ አይነግሯቸውም?"

"መቼ ሳልሞክር ቀርቼ! ገበያ ላይ ያገኘኝና 'ሳነቴ! አካም ጅርታ?' ብሎ አቅፎ ይስመኛል። ያን ጊዜ አፌ ይያዛል።" ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "አደራ የምልሽ ይህን ነው። ወረቀቱን አሁን አልወስድም፤ ልጆቼ ያገኙታል። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ቀኔ ሲደርስ አትመሽ፣ ሳልቀበር በፊት ይነበብልኝ። እሱ በጆሮው ይስማ።"

በመጨረሻው ረቡዕ ከወንበሯ እንድትነሣላቸው ለመኗትና ራሳቸው ተቀመጡ። በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ አንድ መስመር ጻፉ። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። እኅተማርያም የሽማግሌ ገመና ማየት ነውር መስሏት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየች። ሲነሡ ፋይሉን ሳታነበው አስቀመጠችው። ለጥንቃቄም ብላ አንድ ቅጂ ጥፍር በምታህል ፍላሽ ገልብጣ፣ ፍላሿን እንዳትጠፋባት ከኮምፒውተሩ ጀርባ እንደሰካቻት ተወቻት። በዚህ ብልሃቷ ስትኮራ ከረመች።

የካቲት ላይ አንድ ሐሙስ ሌሊት ጋሽ ጎሹ አረፉ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያ ልጃቸው ክብሩ ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። በእጁ ፍላሽ ይዟል፤ ለቀብሩ በትልቁ የሚታተም የአባቱ ፎቶ አለበት። ከእኅተማርያም ጠረጴዛ በላይ በትልቁ "ፍላሽ ሳይጣራ አይሰካም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የለጠፈችውም እሷ ናት። ተማሪ ይሁን ጠበቃ፣ ፍላሹ እስኪፈተሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ግን ማነው እስቲ ለቀስተኛን "ቁጭ በል፣ የአባትህ ፎቶ ይመርመር" የሚለው? በየሰርግ ቤቱና በየፎቶ ቤቱ ሲንከራተት የከረመውን ፍላሽ ተቀብላ፣ "እግዜር ያጽናህ የኔ ልጅ" እያለች ሰካችው።

ፎቶው ወጣ። ጋሽ ጎሹ በኮትና በክራቫት ሆነው ያዩዋታል።

"እትዬ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ እስክትደርስ" አለ ክብሩ ፎቶውን እያቀፈ። "ታሪኩን እንደተለመደው የእድሩ ፍቅረየሱስ መጥቶ ይወስዳል። የሳነቴውን ነገር ሰፋ አድርገሽ አስገቢልን።"

"የአባትህ ታሪክ ተጽፎ አልቋል" አለች። ከዚያ በላይ ምን ትበል? ክብሩ ቀድማ ያሰናዳችለት መስሎት አመስግኗት ወጣ።

ፋይሉን ልታትም ተመለሰች። ፎልደሮቿ ስማቸው እንዳለ ነው፤ ግን እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት በቅሎባቸዋል። "ጋሽ ጎሹ" የሚለውን ነካችው፤ ምንም የለም። "ክስ" የሚለውን ነካችው፤ ምንም። ደጋጎቹ ሙታን ያሉበትን ነካችው፤ እሱም ባዶ። ክው አለች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው አንቲ ቫይረሷ ሲያጓራ ቆየና "ሁሉም ሰላም ነው" አላት። ሰላም ይንሣህ ብላ ሰደበችው። ቀስቶቹ አሁንም አሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ የእድሩ ጸሐፊ ፍቅረየሱስ ብቅ አለ። የከተማው ቀብር ሁሉ የሚነበበው በእሱ ድምፅ ነው፤ ድምፁ እንደሚያምርም ያውቃል።

"ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል" አለችው።

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? የጎሹን ታሪክ ማን የማያውቀው አለ? እኔው በእጄ እሞነጫጭራለሁ። የሳነቴው ላይ ስደርስማ ሕዝቡን ነው የማስለቅሰው!"

እሱ እንደወጣ ኬብሎቹን ነቃቅላ፣ ሲፒዩውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ገባች። ረዳቱ ለሲፒዩውም እንደ ሰው አስከፈላት።

ሚኒባሱ በለቅሶው ቤት በር ሲያልፍ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ዋናውን ቋሚ ጨብጠው የቆሙት ኦቦ ባዳሳ ናቸው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ግን ቋሚውን ለማንም አልለቀቁም። እኅተማርያም ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ሮቤ ድረስ ያሰበችው ፋይሉን ስለማግኘት ብቻ አልነበረም። ቢጠፋስ? ብላም አስባለች። ቢጠፋ ማን ይጠይቃታል? ክብሩ አባቱን በኩራት ይቀብራል፤ ፍቅረየሱስ ሕዝቡን ያስለቅሳል፤ እሷም ከልጆቹ ጋር አትቀያየምም። በቃል ብቻ የምታስታውሰውን ብትናገር ደግሞ የሚያምናት የለም፤ ሟቹን በቀብራቸው ቀን ስማቸውን አጠፋች ነው የምትባለው። ቫይረሱ ከአደራው ሊያሳርፋት የመጣ መሰላት። ይህን በማሰቧ ራሷን ጠላችው። ሲፒዩውን ይበልጥ አጥብቃ ታቀፈችው።

ቀነዓ ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግን ባለሙያ ነው። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ አያወራም።

"አዳዳ፣ ነጋ? ደህና ነሽ እትዬ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?" አለና ሲፒዩውን ተቀብሎ ከራሱ ስክሪን ጋር አገናኘው። ጥቂት አየና ከንፈሩን መጠጠ። "ይኼ ክፉ ነው። ሰሞኑን አምስት መጥቶልኛል። ፎርማት እናድርገውና እንገላገል።"

"ፎርማት ካደረግከው ፋይሉስ?"

"ፋይሉ ይሄዳል።"

"እንግዲያው አይሆንም" አለች። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀበሩ ሰው አሉ፤ ቃላቸው እዚህ ውስጥ ነው።"

ቀነዓ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ቫይረሱን ፈልጎ አጠፋው። ኮምፒውተሩን ቢያስነሣው ቀስቶቹ ተመልሰው መጥተዋል። እንደገና በሌላ መንገድ አጸዳው፤ እንደገና መጡ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲያጸዳ እኅተማርያም ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ስድስት ሰዓት አልፏል። ከውስጥ "ወይ ጉድ!" ሲል ሰማችው። እንደገና ተመልሰው መምጣታቸው ነው።

ቀነዓ እጁን አጣጥፎ ሲፒዩውን በዝምታ ያጠናው ጀመር፤ ዙሪያውን፣ ከፊቱ፣ ከጎኑ። ከዚያ አዞረው። ከጀርባው፣ በአቧራው መሐል፣ ጥፍር የምታህል ፍላሽ ትብለጨለጫለች።

"ይህቺ ምንድን ናት?"

"እ… የእኔ ናት። ፋይሉ እንዳይጠፋብኝ ብዬ…"

"እኔ በፊት በር ሳባርረው ከጓሮ የምታስገባው እሷ ናታ!" አለ እየሳቀ። ፍላሿን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወራት። እኅተማርያም ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ለጥንቃቄ ብላ አራት ወር የኮራችበት ነገር ነው እኮ ሰዓቱን የበላባት።

አራተኛው ጽዳት ያዘ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ቀስት የሚባል የለም። ፎልደር የሚባልም የለም። ስክሪኑ ባዶ ነው። እኅተማርያም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አትደንግጪ። አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው" አላት። "ቫይረሱ እውነተኛውን ከኋላ ይደብቅና የውሸቱን በስሙ ከፊት ያስቀምጣል። ሰው የሚያየው ከፊት ያለውን ነው፤ ጠፋ ብሎ ፎርማት ያስደርገዋል።" ጥቂት ቃላት ጻፈና አንድ ጊዜ ተጫነው። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ክሶቹ፣ የሰርግ ጥሪዎቹ፣ ደጋጎቹ ሙታን። በመጨረሻም ጋሽ ጎሹ።

ራሷ ከፈተችው። ከዚያ ግን ዓይኗን አላመነችም። ገጽ ተኩሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቃለ አጋኖና ኮከብ የተዘበራረቀበት ሆኗል። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም።

ቀነዓ ራሱን ያዘ። "የአማርኛ መጻፊያሽ ራሱ ተበክሎ ነበር፤ ከቫይረሱ ጋር አብሬ አጥፍቼዋለሁ። ጽሑፉ ያው ነው፤ ፊደሉን የሚያሳየው ፕሮግራም ነው የሌለው።" ስልኩን አንሥቶ ሦስት ቦታ ደወለ። እዚህ አገር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚጽፈው በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ የሚጽፉትም አዲሱን መጻፊያ ነው የሚጠቀሙት፤ ያንን የድሮውን አሁን ድረስ የያዘችው እኅተማርያም ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እየተንፏቀቀ ነው። "ነገ ከአንድ ቦታ አመጣልሻለሁ" አለ።

"ነገማ ምን ያደርግልኛል!"

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነው። እኅተማርያም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ይህን ዝብርቅርቅ የምታየው ዛሬ ገና አይደለም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ቀን ፊደሉ እየተበላሸባት ይኸው ምልክት ፊቷ ላይ ተደርድሯል! ሳታስበው ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሱ። የመጀመሪያውን ቃል ታውቀዋለች፤ "እኔ" ነው። ከእሱ ቀጥሎ ስማቸው አለ። ከስማቸው "ጎ" የቱ እንደሆነ ያዘች፣ "ሹ" የቱ እንደሆነ ያዘች።

"ቀነዓ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጠኝ።"

አንድ ፊደል አገኘች፣ ሌላው ተከተለ። እሷ ምልክቱን በጣቷ ትነካለች፣ ጣቷ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንደለመደ ያስታውሳታል፣ በእጇ ትጽፋለች። ደንበኞች ሲመጡ ቀነዓ ዝም እንዲሉ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። "ሳነቴን ያቋረጥኩት እኔ አይደለሁም" የሚለው ላይ ስትደርስ የጋሽ ጎሹ ድምፅ የተሰማት መሰላት።

ከዚያም እሳቸው ራሳቸው በአንድ ጣት የጻፉት፣ እሷ በነውር ያላየችው የመጨረሻው መስመር መጣ። ነጥብ የለው፣ ክፍተት የለው። ሁለት ጊዜ ተሳሳተችና በሦስተኛው ገባት። "ክብሩ ልጄ ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት አውርደህ ጀርባውን እይ።"

እስክሪብቶውን አስቀምጣ አለቀሰች። ከሞቱ ጀምሮ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ጎባ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ክብሩን ከድንኳኑ ነጥላ ወደ ጓዳ ወሰደችውና ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበ። ሲጨርስ ፊቱ ተለዋውጧል።

"ይኼ በአንቺ የእጅ ጽሑፍ ነው የተጻፈው።"

"ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው የገለበጥኩት። ቃሉ የእሳቸው ነው።"

"አባቴን በቀብሩ ቀን ውሸታም ልታደርጊው ነው እትዬ? ምን አደረገሽ? ምን በደለሽ?"

የጠበቀችው ነገር ነው። "የመጨረሻውን መስመር አንብበው" ብቻ አለችው። "እሱን እኔም ያየሁት ዛሬ ነው።"

ክብሩ ወደ ሳሎን ገባ። እዚያ የተቀመጡት ሴቶች መንገድ ለቀቁለት። ፍሬሙን ከሚስማሩ አወረደው፤ አርባ ዓመት ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። ከኋላ ያለውን ካርቶን በቢላዋ ፈልቅቆ አነሣው። በምስክር ወረቀቱ ጀርባ፣ ከተማው ሁሉ በመድኃኒት ወረቀት ላይ በሚያውቀው ወደ ግራ ያዘነበለ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር አለ፦ "ይህ የባዳሳ ነው። ጎሹ።" ከሥሩ ያለው ቀን ወረቀቱ የተሰጠበት ሳምንት ነው።

ክብሩ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "እዚህ ወረቀት ሥር ነው እኮ ያደግነው" አለ ለራሱ። ከዚያ ተነሣ። "ፍቅረየሱስ አያነበውም። እኔ አነበዋለሁ።"

ፍቅረየሱስ አኮረፈ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልታረቃቸውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ጸሎቱ እንዳለቀ፣ ክብሩ ማይክሮፎኑን ያዘ። እኅተማርያም ከሴቶቹ ጋር ቆማ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። ከበሩ ውጭ፣ ጽዱ ዛፍ ሥር፣ ከሌሎቹ ሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ኦቦ ባዳሳ ቆመዋል፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ድምፅ ማጉያው እዚያም ይሰማል። "ሳነቴን ያቋረጥኩት እኔ አይደለሁም" ሲል ሕዝቡ አጉረመረመ። "ባዳሳ ነው" ሲል ፊቱን ወደ በሩ ያላዞረ የለም። ክብሩ ድምፁ ተሰበረ፣ አቋረጠ፣ ቀጠለ፣ ጨረሰ። ኦቦ ባዳሳ ግን ንቅንቅ አላሉም። ደስ አላቸውም፣ አዘኑም ለማለት አይቻልም ነበር። ኮፍያቸውን ብቻ አገላበጡ።

ከቀብር በኋላ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲሄድ እኅተማርያምን ጠሯት።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያንን ወረቀት የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ።"

"እሳቸው ነው ያጻፉኝ፣ ኦቦ ባዳሳ። እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኩ።"

"ጎድሏል።"

"ምኑ?" አለች። የሳተችው ፊደል ያለ መሰላት።

"ጫማው የት አለ?"

እኅተማርያም አልገባትም።

"ፈርቼ ቀረሁ ይላል። እንዴት ነው የሚፈራ? እኔ በዚያን ጊዜ የጎማ በረባሶ ነበር እግሬ ላይ። መኪናው ጋ ሳንርቅ በረባሶዬ ተበጠሰ፤ መሬቱ ደግሞ በረዶ። እዚያ ጎጆ ስንደርስ 'እኔ መንገዱን አላውቀውም፣ አንተ ታውቀዋለህ' አለና ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም አወለቀ። በገዛ እጁ አጎንብሶ አጠለቀልኝ፤ እሱ ድሬሰር፣ እኔ ዘበኛ። ስመለስ እግሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሁለት ጣቱ ጠቁሯል።" አፍንጫቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "አርባ ዓመት 'ሳነቴ' ስለው ላሾፍበት መስሎት ነበር እንዴ? ከልቤ ነበር እኮ። እኔ ተሸከምኩ፤ የሄደው የእሱ ጫማ ነው።"

"ለምን አልነገሯቸውም?"

"እሱ ያውቀዋል ብዬ ነዋ!" አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለና ተሰነጠቀ። "ይኼን ይዞ እንደሚሠቃይ ብሰማ ኖሮ ዝም እላለሁ?"

ከድንኳኑ በኩል የሙሾ ድምፅ ይመጣል። ሁለት ሽማግሎች በየገበያው ቀን እየተቃቀፉ፣ አንዱ ሌላው የማያውቀውን ይዞ አርባ ዓመት መኖራቸው እኅተማርያምን አቃጠላት።

"ጻፊበት" አሉ ኦቦ ባዳሳ። "ጫማውን አስገቢ።"

"ተነቦ አበቃ እኮ፣ ኦቦ ባዳሳ። እሳቸውም ተቀበሩ።"

አሰቡ። "እንግዲያው የእኔ የሕይወት ታሪክ ላይ ጻፊው። በእኛ ዘንድ ቀብር ላይ ወረቀት አይነበብም። ልጆቼ ግን ማንበብ ይችላሉ፤ የእሱም ልጆች ያነቡታል።"

ሰኞ ጠዋት ቀነዓ የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ ከአንድ ቦታ አግኝቶ ጫነላት። የኮምፒውተሯ ጀርባ ባዶ ነው፤ የተሰካ ነገር የለም። ኦቦ ባዳሳ ጋሽ ጎሹ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኅተማርያም እጇ እንደለመደው "ከአባታቸው ከአቶ" የምትለውን ገጽ ልትከፍት ሄደችና ተመለሰች። አዲስ ገጽ ከፈተች።

"ከየት እንጀምር?" አለቻቸው።

"ከእሱ ነዋ" አሉ።

ጻፈች፦ "ጫማው የጎሹ ነበር።"